የእንግሊዝኛ ክፍል ለምን ጸጥ ይላል?

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደረስ ደግሞ ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ በእንግሊዝኛ ራስህን አስተዋውቅ ሲባል ለምን ላብ በላብ ይሆናል?

ብዙ ሰው መምህሩን "እሱ ራሱ መች ይችላል?" ብሎ ያማል። እኔ ግን ግራመር አሳምሮ የሚያውቅ፣ ተማሪው ግን ትንፍሽ የማይልበት መምህርም አይቻለሁ። ሰሌዳውን በፓሲቭ ቮይስ ሕግ ይሞላል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል። ፈተናውም ምርጫ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የገባው ፕላዝማማ፣ ያ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት፣ ጭራሽ ባሰ፤ ጠይቆ፣ መልስ ሳይሰማ ይቀጥል ነበር።

ጎበዝ አስተማሪ የሚለየው ልጅ ሲሳሳት ነው። አንዲት ልጅ ተነስታ "ሺ ጎ ቱ ማርኬት የስተርዴይ" አለች እንበል። ከኋላ ሳቅ ይመጣል። አንዱ መምህር "ፓስት ቴንሱ የት ሄደ?" ይላል። ልጅቷ ትቀመጣለች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ እጇን አታወጣም። ሌላው ግን "ኦ፣ ሺ ዌንት ቱ ዘ ማርኬት? ዋት ዲድ ሺ ባይ?" ይላታል። አረማት፤ ወሬው ግን አልተቋረጠም። ወዲያው ወደሳቀው ልጅ ዞሮ "አንተስ ምን ገዛህ?" ይለዋል። በእኔ እምነት የቋንቋ መምህር ችሎታ ግማሹ ያንን ሳቅ አደብ ማስገዛት ነው።

የልጆቹን አፍ መፍቻ ቋንቋ ማወቁም ትልቅ ነገር ነው። "እስኩል" የሚለውን ልጅ አይቆጣም። አማርኛ ቃል ሲጀምር "ስክ" ብሎ ሁለት ድምፅ ማጣበቅ እንደማይወድ ያውቃላ! "ስስስ...ኩል" እያለ፣ እየሳቀ ያለማምደዋል።

በስልሳ ልጅ ክፍል ይህ ይቻላል ወይ? ይከብዳል፣ አልዋሽም። ግን ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አምስት ደቂቃ ማስወራት ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ድፍረት ነው። ክፍሉ ይንጫጫላ! ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይቶ "ክፍሉን መቆጣጠር አቃተው" ብሎ ይይዝበታል። ሱፐርቫይዘሩም ሲመጣ የሚያገላብጠው ሌሰን ፕላኑን ነው። እኔ ብሆን ከኋላ ቁጭ ብዬ በዚያ ክፍለ ጊዜ ስንት ልጅ አፉን እንደከፈተ እቆጥር ነበር።