ራሱ ይቆማል

ቅዳሜ ዕለት ከጅማው ሂርማታ መርካቶ ስወጣ ዜብራው ላይ አንድ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ጉልበቴን ሊነካ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ልቤ ወደ ቦታዋ ሳትመለስ ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ፍሬን አልነካሁም እኮ! ራሱ ነው የቆመው» አለኝ። ያለ ማመልከቻና ያለ ዋስ ለሳይንስ የተመረጠ ሰው ምን ይላል? አመስግኜ አለፍኩ።

አውሮፓውያን ያሳዝኑኛል። ዩሮ ኤንካፕ የሚባለው የመኪና ደኅንነት መዛኝ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እግረኛ አይቶ የሚቆም ፍሬን የሚፈትነው በተዘጋ ሜዳ፣ እግሩን እያንቀሳቀሰ በሚሻገር አሻንጉሊት ነው። ከቆሙ መኪኖች ጀርባ ብቅ የሚል የሕፃን አሻንጉሊት እንኳ አላቸው። ፍጥነቱን እየለዋወጡ ደጋግመው ይሞክራሉ። ጅማ ቢመጡ ይህ ሁሉ ወጪ በቀረላቸው ነበር።

ከተመራማሪዎቻችን ሁሉ የማደንቀው የሰፈራችንን ባለመኪና ነው። እሑድ እንግዳ ምሳ በልቶ አቦሉን እንደጠጣ ሁሉንም ወደ ደጅ ያወጣል። መጀመሪያ ባዶ ካርቶን መንገድ ላይ አቆመ። መኪናው ጨፍልቆት አለፈ። «ካርቶን መሆኑን አውቆ ነው» አለ። ቀጥሎ ፍራሽ በወንበር አስደግፎ አቆመ። የወንበሩ እግር ተሰበረ። «ሰው አለመሆኑን ለይቶ ነው፤ ብልህነቱን አያችሁ?» ሦስተኛዋ የጎረቤት አህያ ነበረች፤ ለሳይንስ ደንታ ስለሌላት መኪናው ሳይነሳ ጠፋች። በመጨረሻ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ጃንጥላ ይዞ እንዲቆም ተደረገ። መኪናው ቆመ! እልልታው ቀለጠ፤ ጥናቱም በዚያው ተጠናቀቀ።

እዚህ ላይ ሽሙጤን ላቁም። እግረኛውን ለመኪናው የሚያይለት ካሜራ ጭቃ ከለበሰ አያይም፤ የጅማ ክረምት ደግሞ ጭቃ አይነፍግም። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ መኪኖች በራስ የመንዳት መለኪያ ከ«ደረጃ 2» አያልፉም፤ መንገዱን የማየትም ሆነ የማቆም ኃላፊነቱ መሪው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ቅዳሜ ዕለት ዜብራው ላይ ከጎኔ ሸንኮራ አገዳ የተሸከመች ልጅ ነበረች። ብትወድቅ አቧራዋን አራግፈው ለሚቀጥለው ሙከራ የሚያቆሟት አሻንጉሊት አይደለችም!

ባለፈው እሑድ እንደ ልማዱ ወጣን። ጃንጥላው ሲሰጠው ያ ወጣት በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ይቁሙ፤ እኔ ልንዳ» አለ።

ተመራማሪው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አየ። የፊት መስተዋቱን በእጅጌው አበሰ።

«ዛሬ እንኳ ካሜራው ትንሽ ቆሽሿል» አለን። «ግቡ፣ ግቡ፤ ቶናው ይቀዘቅዛል።»