የኤድንብራው ቁም ሳጥን

የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤድንብራ የሄደ ሰው ፕሪንስስ ስትሪትን ሳይረግጥ አይመለስም፣ ሱቁም ባሱም ትራሙም እዛው ነው፣ እና የመንገዱ ምዕራብ ጫፍ ላይ አንድ የጠቆረ የድንጋይ ቤተክርስቲያን አለ፣ ቅዱስ ዮሐንስ ይባላል። ቱሪስቱ ካስሉን ፎቶ አንስቶ ጥሎት ያልፋል። ለኛ ግን ከካስሉ ይልቅ ይሄ ነው ጉዳያችን፣ ከመቅደላ የተዘረፈ ታቦት እዚህ ነበር።

ዊልያም በርን የሚባል አርክቴክት እ.ኤ.አ. ከ1816 እስከ 1818 ነው የሰራው፣ ጣሪያው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሆኖ ከድንጋይ የተጠረበ ይመስላል ግን ጄሶ ነው፣ ቢሆንም ያምራል። የሰዓሊው ሄንሪ ሬበርን መታሰቢያም እዚሁ አለ። የኤፒስኮፓል፣ ማለትም በጳጳስ የሚመራ ቤተክርስቲያን ነው፣ ይሄ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው፦ ስኮትላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1690 ወዲህ የአገሪቱ ቤተክርስቲያን ጳጳስ የሌለው ፕሬስቢቴሪያን ነው፣ ኤፒስኮፓሎቹ ከዙፋን የተባረሩትን የስቱዋርት ነገስታት ስለደገፉ በህግ ተጨቁነው፣ ተደብቀው ሲያመልኩ ኖረው ህጉ የተነሳላቸው በ1792 ነው። ዮሐንስ የተሰራው ከዛ በኋላ፣ ቀና ብለው መሄድ ሲጀምሩ ነው። እና እንደዛ ሲደበቅ የኖረ ህዝብ ቤተክርስቲያን ውስጥ የኛ ታቦት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖረ፣ ነገሩ ይገርማል።

መቅደላን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ፣ የእንግሊዝ ጦር የመድኃኔዓለምን ቤተክርስቲያን ጭምር ዘረፈ፣ ዘረፋውን በዝሆንና በበቅሎ አውርዶ መቅደላ አጠገብ ያለው ደላንታ ላይ ተጫረተበት። ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ከጦሩ ጋር አብሮ ዘምቶ ሲገዛ ነበር፣ ማለትም ሙዚየሙ "በኋላ እጃችን ገባ" ማለት አይችልም፣ ቦታው ላይ ነበረ እኮ። የኤድንብራውን ታቦት ግን ከዘመቻው የተመለሰ አንድ መኮንን ነው ለቤተክርስቲያኑ የሰጠው፣ ምናልባት በቅን ልብ፣ እንጃ።

ከዛ እ.ኤ.አ. በ2001 ጆን ማክላኪ የሚባሉ የዛው ቤተክርስቲያን ቄስ ቁም ሳጥን ውስጥ አገኙት። ልብ በሉ፣ እሳቸው ኢትዮጵያ ኖረው ያውቃሉ። ሌላ ሰው ቢሆን የተቀረጸ አሮጌ እንጨት ነው ብሎ መልሶ ይዘጋበት ነበር። በቃ በዓመቱ ተመለሰ፣ 1994 ዓ.ም. ላይ አዲስ አበባ ህዝቡ ወጥቶ በእልልታ ተቀበለው። ብዙ ሰው ይሄን ሲያወራ "ደግ ሰዎች ናቸው" ይላል፣ ደግ ናቸው አልክድም፣ ግን እኔ የማየው ደግነቱን ሳይሆን የሚያውቅ ዓይን መገኘቱን ነው።

የብሪቲሽ ሙዚየም ሰበብ እዚህ ጋር ነው የሚያናድደኝ። 11 ታቦት አለው፣ ምን እንደሆኑ አሳምሮ ያውቃል፣ ለክብራቸው ብሎ የራሱ ባለሙያ እንኳን እንዳያያቸው ቆልፎባቸዋል፣ መልስ ሲባል ግን እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የሙዚየሙ ህግ አይፈቅድልኝም ይላል። ህጉ እኮ ለሙዚየሙ የማይሆን ዕቃ፣ ተመራማሪዎችን እስካልጎዳ ድረስ፣ ሊወጣ ይችላል ይላል፣ ታዲያ ማንም የማያየው ማንም የማያጠናው ነገር ቢወጣ የሚጎዳው ተመራማሪ የትኛው ነው? ዌስትሚንስተር አቤይ እንኳን መንበሩ ውስጥ ያለውን ታቦት ለመመለስ በመርህ ደረጃ የተስማማው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ስለዚህ የኔ ሀሳብ፣ ሙዚየሙን መወትወቱ ይቀጥል፣ ግን ደላንታ ላይ የተሸጠው ሁሉ ሙዚየም አልገባም፣ ወታደሩ በሻንጣው ይዞት ሄዶ ለሰፈሩ ቤተክርስቲያን የሰጠው ይኖራል። እንግሊዝና ስኮትላንድ ያሉ የኛ ካህናትና ምዕመናን ለየአጥቢያው ቄስ ደብዳቤ ቢጽፉስ? ሁለት መስመር ይበቃል፣ ታቦት ምን እንደሚመስል በቃል ገልጾ፣ እባካችሁ ዕቃ ቤታችሁን አንዴ ፈትሹልን ብሎ።