መጀመሪያ ደሴቱ፣ ከዚያ ወይኑ

ጎበዝ፣ እስቲ እንተዛዘብ። ቅዳሜ ሲመጣ መኪናችንን አስነስተን ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ዝዋይ እንነዳለን። ባቱ በሉት፣ ያው ነው። ዓሣ እንበላለን፣ ወይን እንከፍታለን፣ ከአባ ኮዳ፣ ከዚያ ግዙፍ ወፍ፣ ጋር ፎቶ እንነሳለን። ከዚያ ወይ ላንጋኖ፣ ወይ ሐዋሳ፣ ወይ ቤት። ውሃው ላይ ጉብ ጉብ ያሉትን ደሴቶች እያየ «እዚያ ማን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ከስንት አንድ ነው።

ወይኑን እየነቀፍኩ አይደለም። እኔም እጠጣለሁ። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2007 እ.ኤ.አ. በዚያ አሸዋማ መሬት ላይ ወይን ተከለ፤ በ2014 የመጀመሪያው ጠርሙስ ገበያ ወጣ። ዛሬ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የማይቀርብበት ሠርግ የለም ማለት ይቻላል። ይበል ነው። ግን አገሩ ከወይን እርሻው ጋር አብሮ የተወለደ አስመሰልነው። ዘቢብ ዘፍዝፎ ለቁርባን የሚያዘጋጅ አገር እኮ ነው፤ ወይንን ፈረንሳዮች አላስተዋወቁንም። (ይቺ እንግዲህ የጎን ወሬ ናት።)

ዝዋይ ሐይቅ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። እዚያ ማርያም ጽዮን አለች። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታቃጥል ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው እዚህ ድረስ ሸሹ፣ ታቦቷም 70 ዓመት ያህል በደሴቱ ቆየች ይባላል። ይህን ታሪክ ፌስቡክ ላይ «ነው»፣ «አይደለም» እየተባባልን ለመሰዳደብ የሚቀድመን የለም። እስቲ ከተሳዳቢዎቹ መሃል ደሴቱን የረገጠ እጁን ያውጣ! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው።

የደሴቱ ሰዎች ዛዮች ይባላሉ። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር ይዛመዳል። ገደሉን በድንጋይ እርከን እየሠሩ አርሰውታል፣ ዓሣ አስግረዋል፣ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ድረስ ከዳር ካለው ሕዝብ እምብዛም ሳይቀላቀሉ ኖረዋል። በኋላ ብዙዎቹ ወደ ዳር ወጡ። እኛ የምናውቃቸው ግን «አንተ ባለ ጀልባ፣ ስንት ነው?» ብለን ስንከራከር ብቻ ነው። አምስት ሺህ ብር የጠርሙስ ሒሳብ ሳናቅማማ ከፍለን ጀልባ ላይ መቶ ብር እናስቀንሳለን። አያሳፍርም?

ደግሞ የማይሄደውን ብቻ አልወቅስም። የሚሄደውም ያስለቅሳል። ስፒከር ተሸክሞ፣ ፌስታል ሙሉ ጠርሙስ አንጠልጥሎ፣ ሞቅ ብሎት ወደ ደብሩ የሚወጣ አለ። ሰው እያስቀደሰ ሙዚቃ የሚከፍት አለ። አንዱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቄሱ ብራናውን ከማኅደሩ አወጡ፣ ጨርቁን ፈቱ፣ ቀስ ብለው ገለጡ። ጥቁሩ ቀለም እንዳለ ነው። የእመቤታችን ስም በቀይ ተጽፏል። ሰውየው ዓሣ የበላበትን እጅ እንኳ አልታጠበም። «እስቲ ቀጣዩን» ብሎ አውራ ጣቱን ቀዩ ቀለም ላይ አሳረፈው። ወዙ ብራናው ላይ ቀረ። ቄሱ ምንም አላሉም፤ መልሰው ጠቀለሉት። አብረውት የመጡት ደግሞ «አባ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ያውጡልን፣ እዚህ ጨለማ ነው፣ ፎቶው አይወጣም» ይላሉ! ያ ብራና እስከ ዛሬ የቆየው እኮ ከፀሐይም ከእርጥበትም ከእንደኛ ዓይነቱ እጅም ተጠብቆ ነው። ለእናንተ ፎቶ ብሎ ሊጨማደድ ነው?

ጠርሙሱስ? ሲመለሱ ሐይቁ ውስጥ ወርወር። የባቱ ሕዝብ ከዚያው ሐይቅ ይጠጣል። የአበባና የአትክልት እርሻው ውሃውን ሲስበው የሚውል መሆኑ አንሶ፣ እኛ ደግሞ ስብርባሪ እንጨምርበታለን። አስጋሪው መረቡን ሲጎትት እጁን የሚቆርጠው የእናንተ ጠርሙስ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉት። ጠዋት ሳይነፍስ ጀልባ ያዙ። ከሰዓት ሐይቁ ይናወጣል፣ ከቱሉ ጉዶ መመለስም ጊዜ ይፈጃል። ነጠላ ያዙ። ጀልባውን የሚነዳው ልጅ ዛይ ከሆነ ስለ አያቶቹ ጠይቁት፤ ካልተጠየቀ አይናገርም። ብራና ካሳዩአችሁ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ እዩ፣ ቄሱ ይገልጡላችኋል። ለቤተ ክርስቲያኗ የምትሰጡትን ሳትጠየቁ ስጡ። ኅዳር 21 ለጽዮን ማርያም መሄድ ለሚፈልግ ደግሞ ከወዲሁ ያስብበት። ከዚያ ወደ ዳር ስትመለሱ ወይናችሁን ክፈቱ፤ የሚነዳው ሰው ካልጠጣ ማንም አይቆጣችሁም።

በመልሱ በሞጆ መመለስ ግዴታ አይደለም። በቡታጅራ በኩል ዙሩ። ጥያ መንገዳችሁ ላይ ናት፤ 36 ሐውልቶች፣ 32ቱ የተቀረጹ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገቡ። ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ልብ በሉ። ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ከአለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያም ተሳለሙ። ወደ አዲስ አበባ ስትቃረቡ ደግሞ የቅድመ ታሪክ ሥፍራው መልካ ቁንጥሬ አለ፤ በ2024 ነው ከባልጪት ጋር ዩኔስኮ የመዘገበው። ለግማሽ ቀን ይህን ሁሉ የሚሰጥ መንገድ ከየት ይገኛል?

አንድ ነገር ግን አደራ። ጥያ ላይ ሐውልቱን ተደግፋችሁ፣ አንዳንዴም ልጅ አሳዝላችሁበት ፎቶ ትነሳላችሁ። ከድንጋዮቹ ሥር ሰው ተቀብሯል። ራቅ ብላችሁ አንሱ፤ ካሜራው ያጎላላችኋል።