ቦስት ብቻውን ገዢ አያመጣም
ስለ ኦንላይን ሽያጭ የወጣው ጽሑፍ «በየወሩ ለማስታወቂያ የከፈለ ያድጋል» በሚለው ሐሳቡ አልስማማም። ሐዋሳ ሆኜ የሀበሻ ልብስ በድረ ገጽ እሸጣለሁ፤ ፖስቴን ቦስት ያደረግኩ ሰሞን፣ ማለትም ለብዙ ሰው እንዲታይ የከፈልኩ ሰሞን፣ ላይኩ ይጎርፋል፣ የሚደውል ግን የለም። ገዢ ያመጣልኝ ዋጋውን፣ የጨርቁን ዓይነትና ልኩን በጽሑፍ ማስቀመጤ ነው። ብዙው ሻጭ ሁሉን ነገር ፖስተር ላይ ያጭቅና ከሥሩ «ዋጋ በኢንቦክስ» ይላል። እንዲህ ምስል ውስጥ የተቀበረ ነገር በፍለጋ በቀላሉ አይገኝም፤ ደንበኛውም መልስ እስኪመጣለት አይጠብቅም፣ ወደ ሌላ ሱቅ ያልፋል። የፎቶውም መጠን ይቀነስ እንጂ! በሞባይል ዳታ ገጹ እስኪከፈት ማን ይታገሣል? ከእኔ በፊት በሰጠኸው አስተያየት «ቴሌግራም ካለ ድረ ገጽ ምን ያደርጋል» ያልከው ወንድሜ፣ ቴሌግራም የሚያውቅህን ደንበኛ ይይዝልሃል፤ የማያውቅህ ግን ጉግል ላይ ነው የሚፈልግህ። ጉግል ማፕ ላይ ሱቅ ማስመዝገብ ደግሞ በነጻ ነው። እዚህ ሐዋሳ ፒያሳም ሁን አቶቴ፣ አድራሻህን፣ ስልክህንና የሥራ ሰዓትህን አስገባ፤ ዕቃ የተረከበውን ሰው አስተያየት ጻፍልኝ በለው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ክፍያው ቀሏል፤ የቀረው እምነት ነው። ለዚህ ብዬ ከተማ ውስጥ ላለ በባጃጅ አደርስና ለክቶ አይቶ ይከፍላል። ከአዳማ ወይም ከአዲስ አበባ ለሚያዝ ደግሞ ከመላኬ በፊት ጥለቱን በቀን ብርሃን፣ ያለ ፊልተር፣ ቪዲዮ ቀርጬ አሳየዋለሁ፤ ቀለሙ ፎቶው ላይ ካየው ከተለየ ያ ሰው ዳግመኛ አይገዛም፣ ለጓደኞቹም ይናገራል።