ሪዮ ባዶ እጅ ይኬዳል

ሀበሻ ባዶ እጁን ሰው ቤት አይገባም፤ ሙዝም ቢሆን፣ ዳቦም ቢሆን አንጠልጥሎ ነው። ይህ ያማረ ጠባይ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ባሕር ዳርቻ ላይ ያስከፍላል። ቦርሳውን አዝሎ፣ የሆቴል ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ካሜራ አንገቱ ላይ አስሮ የመጣ ሰው "እንግዳ ነኝ፣ ኑና ዝረፉኝ" የሚል ታፔላ ተሸክሟል። የከተማዋ ልጆች፣ ማለትም ካሪዮካዎቹ፣ የሚይዙት ጥቂት ገንዘብ፣ አንድ ካርድና አንድ ሽርጥ ነው። ሽርጡን "ካንጋ" ይሉታል። ፎጣ አሸዋውን ሁሉ ይሰበስባል፣ ሲረጥብም ይከብዳል፤ ሽርጥ አንዴ ከተራገፈ በቃው። ወንበርና ጃንጥላ እዚያው ይከራያሉ። ዋጋው የሚጠየቀው ሳይቀመጡ ነው።

የወንዶች ነገር ትንሽ ይከብዳል። እስከ ጉልበት የሚደርስ ቁምጣ ለኛ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን የባዕድ መታወቂያ። ካሪዮካው የሚለብሰው "ሱንጋ" ይባላል፤ እኛ በግልጽ አማርኛ ሙታንታ የምንለው ነው፣ ጎኑ ብቻ ሰፋ ይላል። ሽማግሌውም፣ ባለ ቦርጩም በዚያው ይንጎማለላል፣ ዞሮ የሚያየውም የለም። የሚያፍር ሰው ቁምጣውን ይልበስ፤ ግን "ግሪንጎ" ሲባል አይገረም። ብራዚል ውስጥ ግሪንጎ ማለት ነጭ ማለት አይደለም፣ የውጭ አገር ሰው ሁሉ ግሪንጎ ነው።

ለመዋኘት ሲገቡ ዕቃው ለማን ይተዋል? ለማያውቁት ጎረቤት። "ዳ ኡማ ኦልያዲኛ?" ይባላል፤ እስቲ ዓይንዎን ጣል ያድርጉልኝ እንደማለት። ልጆች ይዘው የተቀመጡ እናት ተመራጭ ናቸው። አደራውን የምር ይጠብቃሉ፤ ስልክ ግን ለአደራም አይሰጥም፣ ሆቴል ይቅር። ቀይ ባንዲራ ከተተከለ ደግሞ ውሃው ወደ ውስጥ ይጎትታልና ዋናተኛነት አያኮራም።

ቀጠሮ የሚያዘው በ"ፖስቶ" ነው። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ማማዎች ሌሜ ከሚባለው ሰፈር እስከ ሌብሎን ሰፈር ባለው ባሕር ዳርቻ ከ1 እስከ 12 ተቆጥረዋል። "ኢፓኔማ እንገናኝ" የሚል ቀጠሮ "መርካቶ እንገናኝ" እንደማለት ነው፤ "ፖስቶ 9" ሲባል ነው ሰው የሚገኘው።

የማቺ ሻጩ እዚያው ድረስ ይመጣል። ሁለት የብረት በርሜል በትከሻው አንግቷል፤ አንዱ ቀዝቃዛ ጣፋጭ ማቺ የሚሉት ሻይ፣ ሌላው የሎሚ ጭማቂ ነው። አዋቂው ሁለቱን ቀላቅሎ ያስቀዳል። ኩባያው ጎደል ሲል "ሾሪኞ" ይጠየቃል፤ የኛው ምርቃት ነው። ብልሃቱ ሻጩ ሳይርቅ ፈጠን ብሎ መጎንጨት ነው። ከሱ ጋር የሚሄደው የግሎቦ ብስኩት ነው፤ አረንጓዴው ከረጢት ጨው ያለው፣ ቀዩ ጣፋጭ፣ ሁለቱም ሲነከሱ አየር። በካርድ ሲከፍሉ ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳያነቡ የሚስጥር ቁጥር አያስገቡ። ስክሪኑ የተሰበረ ማሽን ይዞ የመጣ ሻጭ ካለ ጥማቱ ይሻላል።

ሰላምታው የሂሳብ ችግር ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳው አውሮፕላን ሳኦ ፓውሎ ያሳርፋል፣ እዚያ ጉንጭ የሚሳመው አንዴ ነው። ሪዮ ሲደርሱ ሁለት ይሆናል። ሦስት ያልለመደ ሀበሻ የለምና ሦስተኛው አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ሴትየዋ አንገቷን መልሳ ሄዳለች፣ እኛ ከንፈራችንን አሹለን ቀርተናል።

"ፓሳ ላ ኤን ካዛ"፣ ቤት ብቅ በል፣ ይላሉ፤ አድራሻ ግን አይሰጡም። "አንድ ቀን ቡና እንጠጣ" ብሎ ለተለያየ ሕዝብ ይህ ትርጉም አያስፈልገውም። "ቶ ሼጋንዱ" ሲሉም እየደረስኩ ነው ማለታቸው ነው፤ የኛ "መንገድ ላይ ነኝ" ወንድም ነው፣ ሰውየው ገና ሻወር ቤት ነው። የምር ተጠርተው ከሆነ፣ ማታ 2 ሰዓት ከተባለ፣ በ2 ሰዓት ደወል የነካ ባለቤቲቱን ፀጉሯን ሳታደርቅ ይይዛታል። ግማሽ ሰዓት ማርፈድ ጨዋነት ነው። ቤት ሲሄዱ ደግሞ ባዶ እጅ የለም፤ ለሥጋ ጥብስ ግብዣ ቢራ ይዞ መሄድ ደንብ ነው።

ጿሚ ሰው ልብ ይበል። "ሴም ካርኒ"፣ ያለ ሥጋ፣ ብሎ ያዘዘ ሳንዱቹን ሲከፍት የአሳማ ሥጋ ተኝቶ ያገኘዋል። አስተናጋጁ አልዋሸም፤ ካርኒ በሱ አፍ የበሬ ሥጋ ነው፣ ዶሮና አሳማ ሌላ መዝገብ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ አንድ በአንድ ይጠራል፦ ሴም ፍራንጎ (ያለ ዶሮ)፣ ሴም ፕሬዙንቶ (ያለ አሳማ ካም)፣ ሴም ቤይኮን። ጥቁሩ ቦሎቄም ራሱ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ስብ ጋር ነው የሚበስለው። ቅዳሜ የሚቀርበው ፌጆአዳ የሚሉት የቦሎቄና የአሳማ ወጥማ ጆሮውም ጅራቱም አለበት። መውጫው "ኪሎ ቤት" ነው፤ ሰው ራሱ አይቶ ያነሳል፣ ሳህኑ ይመዘናል፣ በግራም ይከፈላል። ጎመኑ ቀላል ነው፣ ቦሎቄው ግን ይመዝናል። ቁጭ ብለው የሚያዙበት ቤት ሳይጠሩት የመጣ ዳቦና ወይራም ሂሳብ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ካልፈለጉት ሳይነኩ ይመልሱት።

የክርስቶስ ሐውልት 710 ሜትር ከፍታ ያለው ኮርኮቫዶ ተራራ ላይ ነው። ከታች ቀና ብለው ካላዩት ከላይም ከተማዋን አያዩም፤ ደመናው እስኪገፈፍ ትኬት አይቁረጡ። ሆቴል ደግሞ መብራቱ ብዙ ጊዜ 127 ቮልት ነው፤ ለ220 የተሠራ የውሃ ማፍያ ጉልበቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል፣ ስለዚህ ከቤት ይዞ መሄድ ልፋት ነው።

ቡናው? ከኪሎ ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ አጠገብ ቴርሞስ አለ፣ ስኳሩ አስቀድሞ ገብቷል፣ ኩባያዋ አውራ ጣት ታክላለች፣ ብዙ ጊዜም በነጻ ነው። ቆመው ይጠጧታል፤ ቶና የለም፣ በረካ የለም። ቡና ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ያሰበ ሰው ፈጠን ይበል፤ ኩባያዋ በሁለት ጉንጭ ታልቃለች።