መጠቅለያው እስኪቀደድ አይጠበቅም

ወንድሜ፣ «የባድሚንተን ራኬት እጀታ መጠቅለያ እስኪቀደድ ድረስ ያገለግላል» ያልከው ብዙዎች የሚያምኑበት ቢሆንም ስህተት ነው። መጠቅለያው ከመቀደዱ አስቀድሞ ላብ መምጠጡን ያቆምና ያዳልጣል። ያን ጊዜ ራኬቱ እንዳያመልጥህ አጥብቀህ ትጨብጣለህ፤ ክንድህ ይደክማል፣ የእጅ አንጓህም እንደ ልብ አይዞርም። ጥፋቱን ግን በራኬቱ ታሳብባለህ!

ለሁሉም የሚሠራ የጊዜ ገደብ የለም፤ የሚወስነው ላብህና የጨዋታህ ብዛት ነው። በድሬዳዋ የሰኔ ሙቀት በሳምንት ሦስት ቀን የምትጫወት ከሆነ፣ ስሱን የላይኛውን መጠቅለያ በየሁለት ሳምንቱ ብትቀይር አልበዛም። ከፍ ብላ በምትገኘው ሐረር ትንሽ ሊቆይ ይችላል። ወፍራሙ የታችኛው መጠቅለያ ለወራት ያገለግላል፤ ላብ ጠጥቶ ከሸተተ ግን አውልቀው፣ እርጥበቱ ወደ እንጨቱ ይዘልቃልና።