ቀይ ጭቃን በአሲድ አታሽሞንሙኑት

የአሉሚኒየም ጥሬ ዕቃ የሆነው አሉሚና ቦክሳይት ከተባለው ማዕድን ሲወጣ ማዕድኑ በጋለ ኮስቲክ ሶዳ ይቀቀላል። ሳይሟሟ የሚቀረው አተላ ቀይ ጭቃ ይባላል፤ ለእያንዳንዱ ቶን አሉሚና ከ1 እስከ 1.5 ቶን ገደማ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሃንጋሪ ውስጥ አይካ ከተማ አጠገብ ግድቡን ጥሶ 10 ሰዎች የገደለው ይኸው ጭቃ ነው። ከባዮማስ (እንደ ሰጋቱራ ካለ የዕፅዋት ተረፈ ምርት) ነዳጅ ለመሥራት ካታሊስት (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) እናድርገው የሚለውን ሐሳብ እደግፋለሁ። የምቃወመው ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚያዘጋጁበትን መንገድ ነው።

ሰጋቱራ ኦክስጅን በሌለበት በፍጥነት ወደ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅና ተኑ በ2 ሰከንድ ውስጥ ሲቀዘቅዝ፣ ከደረቅ ክብደቱ ከ60 እስከ 75 በመቶው ፈሳሽ ይሆናል። ዘይት ይባል እንጂ ከ15 እስከ 30 በመቶው ውሃ ነው። ፒኤቹ ከ2 እስከ 3፣ ማለትም አሲዳማ፣ ስለሆነ ብረት ይበላል፤ ሲቀመጥ ይወፍራል፤ ሲነድ የሚሰጠው ሙቀትም የናፍጣን ግማሽ አይሞላም። ጥፋቱ የኦክስጅን ብዛት ነው።

ዜኦላይት የተባለው ባለ ጥቃቅን ቀዳዳ ካታሊስት ኦክስጅኑን ያስወጣል፤ ቀዳዳዎቹ ግን ቶሎ በካርቦን ይደፈናሉ። ካርቦኑ በአየር ይቃጠላል፤ ከባዮማሱ አመድ የመጣው ፖታሲየም ግን እዚያው ተጣብቆ ካታሊስቱን ይመርዘዋል። ቀይ ጭቃ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። የብረት ኦክሳይዱ የአሲድ ሞለኪውሎችን ሁለት ሁለት አጣምሮ ኬቶን የተባለ አሲድነት የሌለው ውሁድ ያደርጋቸዋል፤ ኦክስጅኑም በካርቦን ዳይኦክሳይድና በውሃ መልክ ይወጣል። የሚገኘው ገና ናፍጣ አይደለም፣ በሃይድሮጅን መጣራት ይቀረዋል። ካታሊስቱ ሲመረዝ ግን ያለ ብዙ ኪሳራ ይቀየራል።

ታዲያ ይህን ርካሽነት ለምን እናጠፋዋለን? የካታሊስቱ ሥራ የሚካሄድበት የጭቃው ገጽ ስፋት በግራም ከ10 እስከ 30 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ተብሎ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሟሟል፣ በአሞኒያ ይዘቅጣል፣ ይታጠባል፣ ይጠበሳል። ስፋቱ ከ100 ያልፋል፤ ሠንጠረዥ ላይ ያምራል። ግን አሲዱና አሞኒያው ይገዛሉ፣ ጨዋማው እጣቢም ሌላ የሚጣል ቆሻሻ ነው።

የሚበቃው ይህ ነው፦ በውሃ እጠቡት፣ ግን ሶዳውን ሙልጭ አታድርጉት፤ ጥቂቱ ለኬቶኑ ሥራ ይረዳል፣ ሲበዛ ግን በሙቀት ቅንጣቶቹን ያጣብቃል። በ105 ዲግሪ አድርቁ፣ ከሸክላ ጋር ለውሳችሁ ቅረጹ፣ ከ500 እስከ 550 ዲግሪ ጥበሱ፣ ከዚያ ሰብራችሁ ንፉ። ቅርጽ መስጠቱን የዘለለ ሰው ዱቄቱን ከሳይክሎኑ (ብናኝን ከተኑ ከሚለየው ዕቃ) አልፎ ዘይቱ ውስጥ ያገኘዋል።

በሥራ ላይ ቀዩ ኦክሳይድ ወደ ጥቁር ማግኔታይት ይለወጣል፤ ስለዚህ ባዮማሱ ከተወው ከሰል በማግኔት ይለያል። ካርቦኑን ስታቃጥሉ አየሩን በናይትሮጅን አቅጥኑት፤ አለዚያ ሙቀቱ ያመልጥና ቅንጣቶቹ ይጋገራሉ።

አንድ ነገር ግን በቸልታ አይታለፍ። ጭቃው እንደ ማዕድኑ መገኛ ይለያያል፤ ክሮሚየም፣ አርሴኒክና ቶሪየም ሊኖሩት ይችላሉ። ሶዳ ባለበት በአየር ደጋግሞ ማቃጠል ክሮሚየሙን በውሃ ወደሚሟሟውና ካንሰር አምጪ ወደሆነው ባለ ስድስት ቫለንስ ዓይነት ሊቀይረው ይችላል። ስለዚህ ወደ ውሃ የሚወጣውን መርዝ የሚለካው ምርመራ በጥሬው ጭቃ ብቻ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ከሪአክተሩ (ለውጡ ከሚካሄድበት ዕቃ) በሚወጣው ያገለገለ ካታሊስት ላይም ይደረግ።